የአማቴ ሆድና የግቢው ሽንት ቤት

ነገሩ በጠቅላላ ያስወጣኝ ሁለት ሳንቃ፣ አንድ ኪሎ ምስማር፣ አሥራ አንድ ፓፓያ፣ ሁለት ጣሳ ተልባ፣ የአምስት ቀን የጠዋት ገበያና በቀበሌው የጽዳት ኮሚቴ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ነው። ከሁሉም የከበደኝ የመጨረሻው ነው።

ጊዜው ደርግ ነው። እኔ ከዓለም ጤና ሽንኩርትና አትክልት እያመጣሁ ናዝሬት ገበያ አከፋፍል ነበር። የምንኖረው ቀበሌ ቤት ነው፤ ሰባት አባወራ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ወንድ ወለደች። ምጡ ክፉ ነበር፤ ብዙ ደም ፈሷት ግድግዳ ሳትይዝ ከአልጋ አትነሣም። ስለዚህ እናቷ ከምንጃር ሲመጡ ቤቱ ነፍስ ዘራ።

አማቴ የጤፍ አገር ሰው ናቸው። ለአራሷ ብለው ግማሽ ኩንታል ነጭ ጤፍ ጭነው ነበር የተነሡት። ኬላው ላይ እህል ማሳለፍ አይቻልም ተብሎ ጤፉ ወረደ፣ እሳቸው አለፉ። እኛ ቤት ደግሞ ጤፍ ከጠፋ ሰንብቷል። የቀበሌው ሱቅ የሚሰጠን የፉርኖ ዱቄትና መኮሮኒ ነው። ጠዋት ዳቦ፣ ምሳ መኮሮኒ፣ ማታ የጠዋቱ ዳቦ።

አማቴና እኔ እንደ አገራችን ወግ አንቱ ነው የምንባባለው። እሳቸው ባሉበት ጮክ ብዬ አልስቅም። እሳቸውም እኔ እያየሁ አይጎርሱም፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ፊታቸውን መለስ ያደርጋሉ። ሆድ ቀርቶ ራስ ምታት እንኳ ሲያማቸው የምሰማው በባለቤቴ በኩል ነው።

የከበሩ እንግዳ ስለሆኑ የቤቱ ምርጥ ለሳቸው ነበር። ምርጥ ያልነው ነጩን ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ከተገኘም ሥጋ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎመን ስመዝን የምውል ሰው፣ ጎመን ለአማት ማቅረብ ነውር ነው ብዬ ቤቴ እንዳይገባ የከለከልኩት እኔ ነኝ። በቃኝ ሲሉ ልጃቸው ዳቦውን በወጥ ጠቅልላ “በሞቴ” ትላለች። ገና ከሞት አፍ የወጣች ልጅ በሞቴ ስትል እናት ምን ታደርጋለች፤ ትጎርሳለች።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ አማቴ ጠወለጉ። ሕፃኑን ሲያቅፉ ወደ ጎን ዘንበል ብለው ነው የሚቀመጡት። ከጠገቡ በኋላ እንደሚጨነቅ ሰው ይቁነጠነጣሉ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብትላቸው ልጃቸው፣ እርጅና ሐኪም አያውቀውም አሉ።

ልጁ በተወለደ በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከገበያ ስገባ ባለቤቴ እያለቀሰች ነው። እናቷ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ጓዛቸውን ቋጥረዋል። ሕመም ከብዶኛል፣ ሰው አገር ሬሳ አልሆንም ብለዋል። ለልጁ ክርስትና ገና ሃያ አራት ቀን ይቀራል።

“እማዬ ከሄደች ልጁን ማን ያጥብልኛል?” አለች። “እኔ እንደሆንኩ ጣሳ ውኃ እንኳ አላነሣም።”

የምንጃር መኪና ተበላሽቷል፣ እስከ ሰኞ አይወጣም ብዬ ዋሸሁ። መኪናው ደህና ነበር፤ ጠዋት አይቼዋለሁ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ፣ ለገበያ ልወጣ ጫማዬን ሳሥር በመስኮት አየኋቸው። ውኃ የያዘ ጣሳቸውን በነጠላ ሸፍነው ወደ ሽንት ቤቱ ይሄዳሉ። በሩ ላይ ሦስት ሰው ተሰልፏል። አንዱ ጡረታ የወጣው ጎረቤታችን አሥር አለቃ ነው፤ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው። እንዴት አደሩ አለ፣ አራሷ እንዴት አደረች፣ ሕፃኑስ፣ አገር ቤት ዝናቡ እንዴት ነው። ሰውየው ሰላምታ ሲጀምር የሚያቆመው የለም። አማቴ ጣሳውን ነጠላቸው ሥር እንደያዙ አንድ በአንድ መለሱ። ከዚያ ለሰላምታ ብቻ የወጡ ይመስል ዞረው ገቡ።

ነገሩ ያኔ ተገለጠልኝ። እኔም ከገጠር ናዝሬት የገባሁ ሰሞን፣ አንድ ወር ሙሉ ዳቦ በሻይ ስበላ ከርሜ ሆዴ እንደ ሲሚንቶ ጠጥሮ፣ መሞቴ ነው ብዬ ለእናቴ ደብዳቤ ላጽፍ ደርሼ ነበር። አማቴ ደግሞ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ማሳ ወርደው፣ ከወፍ በቀር ማንም ሳያያቸው የኖሩ ሴት ናቸው። እዚህ ዳቦው አደረቃቸው፣ ሰልፉ አስቀራቸው፣ እኛ ደግሞ በላዩ ላይ በሞቴ እያልን እንጠቀጥቃለን።

ለባለቤቴ በጆሮዋ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሆዷን አመማት፣ ከዚያ አለቀሰች። እናቷን ሄዳ ጠየቀችና ተመለሰች።

“ምን አሉ?”

“ይሄ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።”

“እና?”

“እናማ ነው። ፊቷን ካዞረች ብዙ ቀን ሆኗታል ማለት ነው።”

ገበያ ላይ ፓፓያ የምትሸጥ የዓለም ጤና ሴት ደንበኛዬ ነበረች። በኦሮምኛ አካም ቡልቴ ተባባልንና አሥራ አንድ ፓፓያ አልኳት። ለማን ነው አለችኝ። ለአራስ አልኩ።

“ለአራስ አንድ ይበቃል” አለች።

ብሩን ቆጥሬ ሰጠኋት። እሷም የበሰለ የበሰለውን መረጠችልኝ። ልሄድ ስል ወደ ሌላ ገዢ እንደዞረች “ጠዋት፣ በባዶ ሆድ። ውኃም ይብዛ” አለች።

አማቴ ፓፓያውን አሸተቱና ይሄ የልጅ ምግብ ነው ብለው መለሱት። ባለቤቴ ሐኪሙ ያዘዘው ለኔ ነው፣ ብቻዬን ግን አልበላም አለች። ቆርሳ እጇን ዘረጋች። “በሞቴ።” አማቴ ጎረሱ። እኔ በሩ ጥግ ሆኜ ሽንኩርት የምለቅም መስያለሁ። አብሬ የገዛሁትን ተልባ ግን ያውቁታል። ብርጭቆው ሲቀርብላቸው አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ጠጡት። ጎመንም ይግባ ብዬ እገዳዬን አነሣሁ።

የቀረው ሽንት ቤቱ ነው። ማታውኑ የግቢውን ሰው በየበሩ እየዞርኩ የወለሉ ሳንቃ በስብሷል፣ አንድ ቀን ልጅ ይበላብናል፣ በራሴ ወጪ አድሳለሁ አልኩ። እውነትም ትንሽ በስብሶ ነበር፤ ሙሉ ውሸት አልወድም። ሥራው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አንድ ነው፣ በዚያ ሰዓት የቸኮለ ማዶ ግቢ ይሂድ አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሳንቃዎቹን በሁለት ድንጋይ ላይ አጋድሜ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ እናቷን ሰው የለም ብላ ላከቻቸው። የጣሳው ውኃ ከኋላዬ ሲያልፍ ሰማሁ፤ አልዞርኩም። በሩ ሲዘጋ መዶሻውን አነሣሁ። ማንም ምንም እንዳይሰማ፣ እሳቸውም ማንም እንደማይሰማቸው እንዲያውቁ፣ ግቢው እስኪናወጥ መታሁ። ምስማር ሲያልቅብኝ ባዶውን ሳንቃ መታሁ። ቶሎ ወጡ። ምንም።

ዓርብም ምንም። ቅዳሜ አሥር አለቃው ከነፎጣው መጣና ቆሞ አየኝ።

“ሁለት ሳንቃ ነው ሦስት ቀን?”

“እንጨቱ ጠጣር ነው” አልኩት።

“ድልድይ ቢሆን እስካሁን አዋሽን ተሻግረን ነበር” ብሎ ማዶ ግቢ ሄደ።

እሑድ ስነሣ ቋጠሯቸው ከመኝታ ቤት ወጥቶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ነገ ሰኞ ነው፤ የመኪናው ውሸት ከዚያ በላይ አይዘልቅም። ባለቤቴ ልጁን ታቅፋ ቋጠሮውን ታያለች። ከዚያ ቀን በፊት ጸሎቴ ስለ ገበያ ነበር። የዚያን ጠዋት መዶሻዬን ይዤ ስወጣ ስለ አማቴ ሆድ ጸለይኩ፤ አላፍርበትም።

ገቡ። መታሁ። ቆዩ። መታሁ። ክንዴ ዛለ፣ በግራ እጄ ቀጠልኩ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ጎረቤቶች እያለፉ በሰንበት ይሄ ሁሉ ምንድን ነው ሲሉ በጭንቅላቴ ብቻ ሰላም አልኳቸው።

በሩ ተከፈተ። አማቴ ሁልጊዜ በጥግ በጥግ ነበር የሚያልፉት፤ ያን ቀን ከኋላዬ ቆሙ። መዶሻውን አወረድኩ።

“አላለቀም ሥራው?” አሉ።

“ሊያልቅ ነው እማማ፣ ነገ እጨርሰዋለሁ።”



“አይቸኩሉ” አሉኝ። “በደንብ ይምቱት።”

ዞሬ ሳይ ቀጥ ብለው ይራመዳሉ። ምሳ ላይ ማንም በሞቴ ሳይላቸው ጎመን ደግመው በሉ። ከዚያ ቋጠሮውን ፈትተው ቀሚሳቸውን አወጡና ልጁን ሊያጥቡ ውኃ አሞቁ። ሰኞ መኪናው ተጠግኗል ስል ባለቤቴ ቀና ብላ “የምን መኪና?” አለችኝ።

ሳንቃውን ሰኞ ቀጥቅጬ ጨረስኩ። ከዚያ በኋላ ምን ሰበብ አገኛለሁ እያልኩ ሳስብ አሥር አለቃው ማክሰኞ ጠዋት ፎጣውን ይዞ በሽንት ቤቱና በቧንቧው መካከል በርጩማ አስቀምጧል። ለካ ገብቶት ኖሯል።

“እስከ አንድ ሰዓት ጥበቃው የኔ ነው” አለኝ። “አንተ ሽንኩርትህን ሽጥ።” አማቴ ሲመጡ ጀርባውን ሰጥቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። ያን ሁሉ ሰላምታውን የሚያወርደው ሲመለሱ ነው።

ቀበሌው ደግሞ በራሱ ተነሳሽነት ሽንት ቤት ያደሰ ነዋሪ አለ ሲባል ሰማ። በስብሰባ ላይ ጓድ ተብዬ ተጨበጨበልኝና ለጽዳት ኮሚቴ ተመረጥኩ። እምቢ ለማለት ምክንያቱን መናገር ነበረብኝ።

አማቴ ልጁን አቅፈው ክርስትና አስነሡ፤ በማግስቱ ወደ አገራቸው ተሳፈሩ። ባለቤቴ ያን ቀን ግድግዳ ሳትይዝ እስከ መኪናው ሸኘቻቸው።

ወጪው ከላይ የጻፍኩት ነው። ገቢው አማቴ ያልሄዱበት ሃያ አራት ቀን ነው።