ጋሽ መርዕድ ለቅሶ የደረሱኝ ቀን

ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህችን እዘላታለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ጽሕፈቴን ታገሡልኝ።

ጋሽ መርዕድ ኢምፔሪያል አጠገብ ቆርቆሮና ሚስማር በጅምላ የሚሸጡ ትልቅ ነጋዴ ነበሩ። ሚስታቸው ስትሞትባቸው ንግዱን ተዉና መጋዘኑን አባት ለሞተባቸው ልጆች መዋያ አደረጉት። ምሳ አለ፣ ትምህርት አለ፣ ሕክምና አለ። እኔ ያኔ ገርጂ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የሰው ልብስ አጥባለሁ። ባሌ ሌላ ሴት ይዞ ሻሸመኔ ገብቷል። ልጄ ትዕግሥት አምስት ዓመቷ ነው።

ይዣት ሄድኩ። «አባቷስ?» አሉኝ። ሞቷል አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ማንም አላስገደደኝም።

የሞት ወረቀት አምጪ ይሉኛል ብዬ ስፈራ እሳቸው ለቅሶ መጡ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሠራተኞቻቸውን አስከትለው፣ «ሳንሰማ ቀርተን ነው፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» እያሉ በራፌ ላይ ቆሙ። ምን ላድርግ? ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና አለቀስኩ። ጋሽ መርዕድም አለቀሱ። «ሚስቴ ስትጠራኝ ደንበኛ ይዞኝ ነበር፤ ስደርስ አልፋለች» አሉኝ። የእሳቸው እንባ እውነት ነበር። የእኔስ? ምን ዓይነት ሴት ነኝ?

ሲወጡ ጎረቤቴ አስካለ ብቅ አለች። «አንቺ፣ ሰውየውን በቁሙ ቀበርሽው እኮ! ተዝካሩን መቼ ነው የምንበላው?» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አዎ፣ ሳቅሁ።

ትዕግሥት ግን ጥግ ተቀምጣ ስናለቅስ አይታናለች። አባቷ እንደሞተ ያመነችው ያን ቀን ነው። አላረምኳትም። ኋላ አባቷ ደውሎ «ልጄን አገናኚኝ» ቢለኝ ስልኩን ዘጋሁበት።

ትዕግሥት እሳቸው ዘንድ በልታ ተምራ አደገች፤ አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ አለፈ። ጋሽ መርዕድ ባለፈው ወር አረፉ። ድንኳኑ ውስጥ ትዕግሥቴ፣ ዛሬ ነርስ ናት፣ ተነሥታ «አባቴ ሲሞት ቤታችን መጥተው ከእናቴ ጋር ያለቀሱ እሳቸው ናቸው» ብላ መሰከረች። ለቀስተኛው ወደ እኔ ዞሮ ከንፈሩን መጠጠልኝ። መሬት መሬት አየሁ። እዚያው መናገር አልችልም ነበር? እችል ነበር። ፈራሁ።

ድሀ ስለነበርኩ ነው አልልም፤ ከእኔ የባሱ ድሆች እውነቱን ተናግረው ከዚያ በር ተመልሰዋል። ለልጄ ብዬ ነውም አልልም። ባሌ ጥሎን ሄደ፤ የገደልኩት ግን እኔ ነኝ።

ዛሬ ከሥራ ስትወጣ ሰሚት ቤቷ ሄጄ አባትሽ በሕይወት አለ እላታለሁ። እማዬ ማለቱን ብትተወው አልፈርድባትም።