እትዬ ሀፍሷ አውፍ አላሉም

እትዬ ሀፍሷ በየጠዋቱ የቅመም ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት የጎረቤታቸውን የሙናዊርን ደፍ በምርኩዛቸው ሁለት ጊዜ ይመታሉ። «አለሁ፤ አልሞትኩልህም» ማለታቸው ነው።

አምና ሙናዊር የካርቶን ማሰሪያ ገመድ ወደ ሱቆቹ በሚያወርደው ደረጃ ላይ ጥሎ ሄደና እሳቸው ተጠልፈው ወደቁ፤ ግራ ዳሌያቸው ተሰበረ። እሱ ግን ሰው በተሰበሰበበት፣ «የአሮጊት አጥንት በራሱም ይሰበራል» አለ። ከስብራቱ ይልቅ ይህቺ ቃል አመመቻቸው።

ሐኪሙ፣ «አንዱ ዳሌ የተሰበረበት ሰው ሌላውም ሊሰበርበት ይችላል፤ ያውም በመጀመሪያው ዓመት። መነጽርዎን ይቀይሩ፣ ነጠላ ጫማ ይተዉ፣ ቁጭ ብለው አይዋሉ» አላቸው። እሺ አሉ። ዳግመኛ ወድቀው ሙናዊርን ከማስደሰት ሞት ይሻላቸዋል።

ዘንድሮ ሙናዊር ለሐጅ ተነሣ። የበደሉትን ሰው ይቅርታ ሳይጠይቁ መሄድ አይሆንምና ሱቃቸው ድረስ መጣ።

«እትዬ፣ አውፍ ይበሉኝ።»

«ምን በደልከኝና? የአሮጊት አጥንት አይደል በራሱ የሚሰበረው?»

«አፌ አምልጦኝ ነው፣ እትዬ። እዚያ ደርሼ ዱዓ አደርግልዎታለሁ።»

«ዱዓው ለቀኝ ዳሌዬ ይሁን። ግራውን አንተ ወስደኸዋል፤ ካዕባን ስትዞር ተሸክመኸው ዙር!»

ተራው ሁሉ ሳቀ፤ ሙናዊር አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

እትዬ ሀፍሷ ይህን ሁሉ እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። አንድ ነገር ብቻ፣ «እሱን ተዪው» ብለውኛል፦ ቂሙ እንቅልፍ ስለሚነሳቸው ማታ ማታ ከሐኪሙ ተደብቀው የእንቅልፍ ኪኒን ይውጣሉ፤ ጠዋት ደረጃውን ሲወርዱም ያዞራቸዋል።