ከማርሚታው ውስጥ ያወጣሁት ቱቦ

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ቢቸና ድሬሰር ሆኜ ስሠራ ነው። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ አሁን ሰባዎቹን አጋምሻለሁ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የአለቆቼን ስም እንኳ ሳይቀር። ይህን ግን መርሳት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም በዚህ ነገር የሚያመሰግነኝ ሰው እስከ ዛሬ በሕይወት አለ።

ከደሴ ተመድቤ ስሄድ መሥሪያ ቤቱ አንድ ሞተር ሳይክል ሰጠኝ። ሐሙስ ሐሙስ መድኃኒት ጭኜ፣ በመንገድ ላይ ያሉትን መንደሮች እያከምኩ፣ እስከ ሞጣ እሄዳለሁ። ሞተር የሚጠግን ሰው በአቅራቢያዬ አልነበረም። ካንዴላ መጥረግን፣ ካቴና ማጥበቅን፣ ካርቡራቶር ማጠብን የተማርኩት በተከራየሁበት ግቢ ጆንያ አንጥፌ፣ የፈታሁትን መልሼ መግጠም እያቃተኝ ነው።

የሞተሬ ድምፅ ቀጭን ነበር፤ እንደ ልብስ ስፌት መኪና። የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ገና ከሩቅ ሲሰሙት “ሐኪሙ መጣ” ብለው በሽተኛ ይዘው መንገድ ዳር ይጠብቁኛል።

ከጊዜ በኋላ ሞተሩ አቀበት ላይ ይደክም ጀመር። አንድ እሁድ ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን፣ ፈታሁት። ድምፅ የሚያፍነው የውስጡ ቱቦ በጥላሸት ተደፍኗል። ፍቆ፣ አጽድቶ መመለስ ነበር ሥራው። እኔ ግን እስቲ ልሞክረው ብዬ ያለ ቱቦው ሳስነሳው ግቢው ተናወጠ። ዶሮዎቹ አጥር ዘለው ጠፉ። አከራዬ ወይዘሮ ብርቄ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ “ምነው ልጄ፣ ጉንፋኑ ለቀቀው እንዴ?” አሉኝ።

ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሞጣ ገበያ መሀል እንዲህ እያጓራሁ ስገባ ዞሮ የሚያየኝን ሰው ነው ያሰብኩት። አቀበቱ ሰበብ ነበር። ራስ ሳይጠና ጉተና ማለት እኔ ነበርኩ። ቱቦውን አለቃዬ ቢጠይቀኝ ብዬ ፋቅሁና በጨርቅ ጠቅልዬ ከመፍቻዎቹ ጋር የሞተሩ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት።

በዚያው ሰሞን ፖሊሶች በጂፕ እየዞሩ ፈቃድ የሌለው ጠመንጃ ይለቅማሉ የሚል ወሬ ቢቸና ገብቶ ነበር። ሰምቻለሁ። የጎጃምን ገበሬ ጠመንጃውን መንጠቅ ምን ማለት እንደሆነም አውቃለሁ። ከእኔ ሞተር ጋር ግን አላገናኘሁትም።

ከሞጣ ወዲህ፣ ገደል አፋፍ ላይ ካለች መንደር፣ ስንሻው የሚባል በሽተኛ ነበረኝ። በእድሜ እኩያዬ ነው። እንጨት ሲፈልጥ ምሳር ቅልጥሙን ከፍቶት ባለፈው ሐሙስ ሰፍቼለት ነበር። “እግርህን መሬት እንዳታስነካ፤ ስፌቱ ከተቀደደ እግርህን ታጣለህ” ብዬዋለሁ። “እሽ፣ አንተ እንዳልክ” ብሎኛል።

ሐሙስ ደረሰ። ገደሉ የሞተሩን ጩኸት እየተቀበለ እጥፍ አድርጎ ይመልሰዋል። እኔም ደረቴን ነፍቼ እነዳለሁ። መንደሩ ሥር ስደርስ መንገድ ዳር አንድም ሰው የለም። ሞተሩን አጥፍቼ በእግሬ ወጣሁ። በሩ ሁሉ ተዘግቷል።

የስንሻው እናት እማማ ጥሩዬ ብቻ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል።

“እሰይ ልጄ፣ እንኳን መጣህ! ፖሊስ መጣብን። የመኪናውን ጩኸት ሲሰሙ ወንዶቹ ጠመንጃ ጠመንጃቸውን ይዘው ገደል ወረዱ። ያ ልጄም በዚያ እግሩ ተከትሏቸው ሮጠ። ፖሊሶቹን በመንገድ አላገኘኻቸውም?”

ያን ጊዜ ገባኝ። የሰማችሁት እኔን ነው ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን “አግኝቻቸዋለሁ፤ ተመልሰዋል” አለ።

እማማ ጥሩዬ አፋፉ ላይ ቆመው ወደ ታች ተጣሩ። ሰዎቹ ስንሻውን ተሸክመው ማውጣት ሲጀምሩ እኔ “መድኃኒት ላምጣ” ብዬ ወደ ሞተሩ ሮጥኩ። ሳጥኑን አንስቼ ወዲያው መመለስ እችል ነበር። አልተመለስኩም። ተንበርክኬ፣ መፍቻ አውጥቼ፣ ቱቦውን ወደ ማርሚታው መለስኩ። በኋላ ሞተሩን ሳስነሳ ድምፁን ሰምተው እንዳያውቁብኝ ነው። ብረቱ ገና አልበረደም፤ ጣቶቼ ተጠበሱ። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ፤ ሰውየው እየደማ።

ስደርስ ስንሻው ቁርበት ላይ ተጋድሟል። ስፌቱ ሁሉ ተበጥሷል፤ ቁስሉ አፈር ሞልቶታል። “ጠመንጃዬን አላገኟትም” አለኝ ፈገግ ብሎ። አጥቤ፣ አሽጌ፣ ፔኒሲሊን ወጋሁት። እማማ ጥሩዬ ጣቶቼን ሲያዩ፣ “ውይ በሞትኩት፣ ለእኛ ሲጣደፍ ተቃጠለ” ብለው ቅቤ ቀቡልኝ።

ሳምንት ሳይሞላ እግሩ ጠቆረ። በቃሬዛ መንገድ ድረስ አወረድነውና በጭነት መኪና ደብረ ማርቆስ ወሰድኩት። ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ከዳነ በኋላ በየሰንበቴው የሚያወራው አንድ ነገር ሆነ፤ “ሐኪሙ ፖሊሶቹን ተከትሎ ባይደርስልኝ ደሜ አልቆ እዚያው እቀር ነበር” ይላል። በዓመቱ ወንድ ልጅ ተወለደለት። በምርኩዙ እያነከሰ መንገድ ዳር ጠብቆ፣ “የክርስትና አባቱ አንተ ነህ፤ ሌላ ሰው አልፈልግም” አለኝ። እሺ አልኩት። ሕፃኑን በአርባ ቀኑ ከካህኑ እጅ ተቀበልኩ። እንዲህ አድርገን አበልጅ ሆንን።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የእኛ ተገልብጧል። የተወጋው ማን እንደወጋው ሳያውቅ በየዓመቱ ማር ይልካል፤ የወጋሁት እኔ አንድ ቀን እንኳ ሳልቀምሰው ለጎረቤት አድላለሁ።

ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። “ለእኔ መንገርህ አይበቃም፤ እግሩን ላጣው ሰው ንገረው” አሉኝ። ልነግረው ሦስት ጊዜ ሄድኩ። በመጨረሻው ጊዜ የልጅ ልጆቹን ሰብስቦ፣ “እግሬን የወሰደው ፖሊስ ነው፤ ነፍሴን የመለሳት ይኸ አበልጄ ነው። በሉ፣ ጉልበቱን ሳሙ” አላቸው። ተራ በተራ ሳሙኝ። እኔም ተስሜ፣ ሳልነግረው በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ በራሴ አፍራለሁ።

የክርስትና ልጄ ዛሬ ሞጣ ውስጥ መምህር ነው። ይህችን መጽሔት በወጣች ቁጥር ይገዛል፤ የአባቱ ዓይን ስለደከመ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ልጄ፣ ስማችንን ቀይሬዋለሁ፤ አንተ ግን ታውቀናለህ። እዚህ ስትደርስ ድምፅህን ዝቅ አታድርግ፤ ገጹንም አትግለጥ። እኔ ፊት ለፊታቸው መናገር ያቃተኝን አንተ አንብብላቸው፦ ያን ዕለት መንደራችሁ ፖሊስ አልመጣም።