በእጅ የተማረችው እንግሊዝኛ

ልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ «ችኩሏ» ይሏታል። ስሙን ያወጣችላት ከጎኗ የምትቀመጠው ኮሌታ ሰፊዋ ናት፤ ምላሷ ከመቀስ የማይተናነስ ሴት። ችኩሏን እንዲህ ያስቸኮላት ደግሞ የሱፐርቫይዘርነቱ ቦታ ነበር። ቦታውን ካገኘች የማታ ፈረቃ ይቀርላታል፤ ትንሽ ልጇንም ተኝታ ሳይሆን ነቅታ ታገኛታለች። ፈተናው ከውጭ በመጣው ሥራ አስኪያጅ ፊት ሠራተኞቹን በእንግሊዝኛ ማዘዝ ነው።

መከራዋ እዚህ ላይ ነበር። «አውልቂ» ለማለት «ቴክ ኦፍ» ሲሏት «ቴክ ማለት መውሰድ» ብላ ትመነዝርና የምትወስደውን ፍለጋ ዙሪያዋን ታያለች። ስትናገር ደግሞ ሁለተኛዋን ትንሽ ቃል እንደ ትርፍ ክር ቆርጣ ትጥላታለች።

ደግነቱ ጎረቤቷ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው። ዕድሜ ይስጣቸውና፣ አንድ ቀን እንኳ «ደከመኝ» አላሏትም።

«እነዚህ ግሶች ባልና ሚስት ናቸው ልጄ፤ ለየብቻ ከጠየቅሻቸው እውነቱን አይነግሩሽም» አሏት። «ቃል በቃል አትተርጉሚ። ሥራውን እየሠራሽ ሙሉውን በይው።»

«እትዬ፣ በዚያ ሁሉ የማሽን ጩኸት?»

«እናንተስ እንዴት ነው የምትግባቡት?»

«በእጅ ነዋ!»

«በቃ፣ ለእያንዳንዱ ምልክት ግሱን ስጪው።»

ከዚያ ወዲያ ለ«አጥፊው» መዳፏን ወደ ታች እየተጫነች «ተርን ኢት ኦፍ»፣ ለ«ቀስ በይ» እጇን ቀስ አድርጋ እያወዛወዘች «ስሎው ዳውን» ስትል ከረመች። ኮሌታ ሰፊዋ «ሰው ጠፍቶ ከማሽን ጋር ወሬ ጀመረች!» እያለች አዳራሹን ታስቀው ነበር።

የፈተናው ዕለት መጀመሪያ የቀረበችው ራሷ ኮሌታ ሰፊዋ ነበረች፤ አልሆነላትም። ችኩሏ ተተካች። ሥራ አስኪያጁ ጨርቅ ሳይገባበት የሚሮጥ ማሽን አሳያትና ትእዛዟን ጠበቀ። የወራት ልፋቷ ከአፏ ላይ ብን ብሎ ጠፋ። ይሄኔ ኮሌታ ሰፊዋ ከተቀመጠችበት ሆና መዳፏን ቀስ ብላ ወደ ታች ተጫነች።

«ተርን ኢት ኦፍ!» አለች ችኩሏ፤ ጮኸች ማለት ይሻላል። ከዚያ በኋላ እጇ እየመራ አፏ ተከተለ፤ ቦታውም የእሷ ሆነ። ኩረጃ ነው የሚል ካለ ይበል፤ እኔ ግን ደግነት ነው እላለሁ።

ከሥራ ሲወጡ ችኩሏ ኮሌታ ሰፊዋን ልብስ መቀየሪያው ክፍል አገኘቻት።

«ቦታውን አንቺም ትፈልጊው ነበር እኮ። ለምን ረዳሽኝ?»

«ስንት ወር ሙሉ ጆሮዬን በጥብጠሽ፣ እኔ እንኳ ምልክቱን ይዤ አንቺ ትርሺው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ የሽርጧን ቋጠሮ እየፈታች ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የኔዋ በማታ ፈረቃ ሳላያት አድጋ፣ ይኸው አገባች። ያንቺ ገና ናት። በይ ሂጂ፣ ሳትተኛ ድረሺላት።»

ለወትሮው የምትቸኩለዋ ሴት ግን ወዲያው አልሄደችም። አንገቷ ሥር ገብታ፣ «እግዜር ይስጥልኝ እህቴ» እያለች አለቀሰች።