የተጋረደው ደጃዝማች

በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ እያወረድኩ ስሸጥ ባጠራቀምኩት፣ ለሲግናል ሰፈራችን የመጀመሪያውን ቴሌቪዥን ገዛሁ። ጎረቤቱ ሁሉ እኔ ቤት የሚሰበሰበው በጣሊያን ወረራ ጊዜ የነበረ አንድ የደጃዝማች ቤት የሚያሳየውን ድራማ ለማየት ነው። በመጨረሻው ምሽት ደጃዝማቹን የሚመርዛቸው ሰው ሊታወቅ ነው። እኔ አጋፋሪው ነው አልኩ። ልብስ ሰፊው ደምሴ ደግሞ ሚስታቸው ናት ብሎ ድርቅ አለ። አንድ ጭነት ባሕር ዛፍ በአንድ ኮት ተወራረድን። ልኬን ጠዋቱን አስለክቼ ነበር።

ገበታ ቀረበ፤ ደጃዝማቹ እጃቸውን ታጠቡ። ይኼኔ እማማ ትርንጎ ብድግ አሉ። በወጣትነታቸው መኳንንት ቤት ያገለገሉ ሴት ናቸው። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው ነጠላቸውን ዘረጉና ጋረዱብን።

«እማማ፣ ምን ሆኑ?» አልኩ።

«ጌታ ሲበላ አፍ አፉን ታያለህ እንዴ? የማን ዓይን ምን እንደሆነ ይታወቃል?»

«ተዋናይ እኮ ነው፣ እማማ» አለ ደምሴ።

«ተዋናይ አይጎርስም?»

የእሳቸውን ነጠላ ማን ደፍሮ ይጎትታል? ከወዲያ በኩል የሳህን ድምፅ፣ ሳል፣ ከዚያም ጩኸት ሰማን። ነጠላው ሲወርድ ደጃዝማቹ ሞተዋል፤ ድራማውም አልቋል። ያን ጊዜ እንደ ዛሬው መልሶ ማየት የለም።

«እርስዎ ከነጠላው ወዲያ ነበሩ» አልናቸው እኔና ደምሴ። «መርዙን ማን ጨመረው?»

ነጠላቸውን ቀስ ብለው አጣጠፉ።

«አይቻለሁ» አሉ። «ግን በጌቶች ገበታ ያየሁትን አውጥቼ አላውቅም።»