አባቴ ሪንግ የገቡ ዕለት

ኪክ ቦክሲንግን ለመርሳ ከተማ ሰው ማስረዳት ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ትዕግሥት ሲታደል ደግሞ እኔ አልነበርኩም። ጓንቴን በትከሻዬ አንጠልጥዬ በገበያው መሀል ሳልፍ የማያስቆመኝ ሰው የለም። «ካራቴ ነው ቦክስ?» ይሉኛል። ሁለቱም ነው እላለሁ። «እንዴት ሁለቱም ይሆናል?» በቡጢም በእግርም ነው እላለሁ። «ታዲያ ድብድብ ነው አትልም!» ብለው እየተሳሳቁ ይሄዳሉ። ድብድብ አይደለም፣ ደንብ አለው ብዬ ከኋላቸው እጮሃለሁ። ዞር ብሎ የሚሰማኝ ግን የለም።

ደንቡን ልቅም አድርጌ ነው የማውቀው። አሠልጣኛችን መርሳ ውስጥ በአንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ነበር የሚያሠለጥነን፤ ከመምታት ማወቅ ይቀድማል ባይ ስለሆነ ጓንት ሳናጠልቅ ታሪኩን አስተማረን። ነገሩን የጀመሩት ጃፓኖች ናቸው። እነሱ ዘንድ በነበረው የካራቴ ውድድር ተጋጣሚው ምቱን ከሰውነት ሳያደርስ ያቆመው ነበር። ይህ ያልጣማቸው ሰዎች የታይላንድን ቦክስ አዩ፤ እዚያ ቡጢውም፣ እግሩም፣ ጉልበቱም፣ ክርኑም ከምር ያርፋል። ሁለቱን ቀላቀሉና የቦክስን ሪንግና ጓንት ጨመሩበት። ወደ አሜሪካና አውሮፓ ሲሻገር ደግሞ ሁሉም እንደየፍላጎቱ ቀነሰ፣ ጨመረ፤ አንዱ ከወገብ በታች በእግር መምታትን ይከለክላል፣ ሌላው ጭን መምታት ይፈቅዳል። እኛ የምንጋጠመው ሁለት ሁለት ደቂቃ በሆነ ሦስት ዙር ነው፤ ጭን ይመታል። ክርን ክልክል ነው። ማጅራት አይነካም። የወደቀ አይመታም። የቆመን ግን ዳኛው «አቁም» እስኪል ድረስ መምታት ነው።

አባቴ እዚያው መርሳ አጠገብ፣ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ገበሬ ናቸው፤ የመስኖው የውሃ አባትም ናቸው። የውሃ አባት ማለት በቦዩ የሚጠቀሙትን ገበሬዎች ተራ የሚያስከብር ሽማግሌ ነው። ውሃ ባጠረ ጊዜ «ተራዬን ነጠቅኸኝ» ብሎ ዶማ የሚያነሳ አይጠፋም፤ አባቴም ዕድሜያቸውን የፈጁት በተነሳ ዶማና በሰው ራስ መካከል በመቆም ነው። ግንባራቸው ላይ ያለው ጠባሳ እንኳ ሲገላግሉ ያገኙት ነው። ለመገላገል የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። «ገላጋይ የሚይዘው የራሱን ወገን ነው» ይላሉ። «ባዳውን ከያዝኸው ያንተ ሰው ይመታዋል፤ ሁለት ሆነው መቱኝ ይልሃል፤ እውነቱን ነው። የራስህን ያዝ።»

አገሩ ታውኮ ውድድር ለዓመታት ቀርቶ ነበር። ሲመለስ፣ ክልሉን ለሚወክለው ቡድን ምርጫ ወልድያ ላይ እንደሚደረግ ተነገረን። ከየክብደት ምድቡ የሚያልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። በዕድሜዬም በሥራዬም ይህ ካመለጠኝ ሌላ እንደማይመጣልኝ አውቄው ነበር። ጫት መቃም ተውኩ። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ቀረሁ፤ እስከ ዛሬ አልታረቅንም። በየጠዋቱ ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው አስፋልት ላይ ስሮጥ የሚኒባስ ረዳቶች «ግባ፣ ቦታ አለ!» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ሳምንት ሲቀረው ከአባቴ ጋር ቦይ ስንጠርግ፣ «እኔም መጥቼ አያለሁ» አሉኝ። ደስ አለኝ። እንዳይደነግጡ ብዬም ደንቡን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው፤ ጃፓኑን፣ ታይላንዱን፣ ዙሩን፣ ክልክሉን።

«የወደቀ አይመታም?» አሉ።

«አይመታም፣ አባዬ።»

«ይቺስ የኛ ናት።» ዶማቸውን ተደግፈው ትንሽ አሰቡ። «እጁን የሰጠስ?»

«ዳኛው ይገላግላል።»

«ዳኛው ባይገላግልስ?»

«ይገላግላል አልኩዎት እኮ!»

ድምፄን ከፍ በማድረጌ አፈርኩ። እሳቸው ግን «ኢንሻ አላህ» አሉና ወደ ጭቃቸው ተመለሱ።

የምርጫው ዕለት ጠዋት በሚኒባስ ወልድያ ገባን። አዳራሹ ሞልቷል፤ ሰው በሲሚንቶ ደረጃ ላይ ተደርድሮ ተቀምጧል። አባቴ ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ ያጠቡትን ሽርጥ አገልድመው፣ ከዘራቸውን ይዘው ሲገቡ አሠልጣኛችን ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሳ። «ሽማግሌማ ደረጃ ላይ አይቀመጥም!» ብሎ በሪንጉ ጥግ፣ በእኛ በኩል የነበረውን የራሱን ወንበር ሰጣቸው። በደንቡ እዚያ መቀመጥ የሚችሉት አሠልጣኝና ረዳት ብቻ ናቸው። ዳኞቹ አዩ፤ አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም፤ እንዲያውም አንደኛው ከወንበሩ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። ደንብ አዋቂው እኔስ? እኔም ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ኩራት ኩራት ብሎኝ ነበር።

ተጋጣሚዬ የወልድያ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ከእኔ አጠር ያለ፣ እጁ ፈጣን። የመጀመሪያውን ዙር በቡጢ ወሰደብኝ። በሁለተኛው ጭኑን በእግሬ ደጋግሜ መታሁት፤ ዙሩ ሲያልቅ ያነክስ ነበር። ሦስተኛው ላይ ደከመ፤ እየገፋሁ ወስጄ እኛው ጥግ ላይ፣ አባቴ አፍንጫ ሥር አጣበቅኩት። አሠልጣኜ «ጥቂት ሰከንድ ቀረ!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። ማሸነፌን አወቅኩ። ግራ፣ ቀኝ፣ ከዚያ እግር።

በዚህ መሀል ሁለት እጆች ከኋላዬ ወገቤን ጥፍንግ አድርገው ያዙኝ። ዞር ሳልል የማን እንደሆኑ አወቅኩ፤ ያን ያህል ዓመት ዶማ የጨበጠ እጅ ሌላ እጅ አይመስልም። አባቴ በገመዱ ሾልከው ገብተዋል። «በቃ! በአላህ፣ በቃ ልጄ!»

ሰው ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። «አበጁ አባባ!» አለ አንድ ሰው፤ ከዚያ ጭብጨባ ሆነ። አባቴ በአንድ እጃቸው እኔን እንደያዙ በሌላው ያንን ልጅ ጠሩት። «ና አንተም ልጄ፣ አውፍ ተባባሉ፣ ይቅር ተባባሉ።» እሱም ከነጓንቱ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። «ምነው አንቱ አባዬ! ምን አደረጉኝ!» ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ አባቴ ላይ የጮህኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም በሰው ፊት።

ዳኞቹ ለመመካከር ደቂቃም አልፈጀባቸው። የአንድ ተጋጣሚ ረዳት ጨዋታው ሳያልቅ ሪንግ ከገባ ያ ተጋጣሚ ተሸናፊ ነው፤ በእኛ ጥግ የተቀመጠ ደግሞ ረዳት ነው። ዋናው ዳኛ ውጤቱን ከመናገሩ በፊት አባቴ ዘንድ ሄዶ «አባባ፣ ደንብ ሆኖብን ነው፣ አይቀየሙን» አላቸው። ለእኔ አንድም ቃል አልነገረኝም።

በሚኒባስ ወደ መርሳ ተመለስን። ከዚያ በኋላ የሆነውን የመርሳን ነገር ልንገራችሁ። የማያውቀኝ ሰው ሁሉ አስቁሞ «እንኳን አባትህ ገላገሉህ!» ይለኛል። ማን እያሸነፈ እንደነበር የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም! አሠልጣኜን «ለምን አልያዝኻቸውም?» ብዬ ብጠይቀው «ሽማግሌ ሲያስታርቅ ልጎትት?» አለኝ። ያ ልጅ ቡድኑ ውስጥ ገባ። አንድ ቀን ወልድያ መናኸሪያ አጠገብ የቡድኑን ጃኬት ለብሶ ባጃጁን ሲነዳ አየሁት። ጥሩምባ ነፍቶ ሰላም አለኝ፤ «አባባ ደኅና ናቸው?» አለኝ። ደንብ ሳልጥስ፣ ሳልወድቅ፣ በጭብጨባ ተሸነፍኩ።

ከአባቴ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር ሳንነጋገር ወራት አለፉ። የውሃው ተራ ደርሶን ቦዩን ልንከፍት የወረድን ዕለት ግን መቻል አቃተኝ።

«ለምን እኔን ያዙኝ?» አልኳቸው። «እያሸነፍኩ አልነበር?»

«የራሴን ነዋ የምይዝ!»

«ዳኛ ነበረ እኮ፣ አባዬ! ዳኛው ይገላግላል ብዬዎት አልነበር?»

«ነበረ። ካንተ ጀርባ ነበር፤ አላየም። ልጁ እጁን አውርዶ ነበር።»

«በእኛ ጨዋታ እጁን ካወረደ ጥፋቱ የእሱ ነው። ዳኛው አቁም እስኪል ይመታል።»

«ማን አወጣው ይኼን ደንብ?»

«ጃፓኖች።»

አባቴ ዞር ብለው ውሃውን አዩ። «አባት የላቸውም?» አሉ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። «እኔ አላየሁትም» አልኩ። «እጁን ሲያወርድ አላየሁም።»

ቀና ብለው አዩኝ። የተጣላ ሰው «እኔ አልጀመርኩም» ሲላቸው የሚያዩት አስተያየት ነው፤ አውቀዋለሁ። ከዚያ «እንግዲያ አላየህም» አሉና ዶማቸውን አንስተው የቦዩን አፍ ከፈቱ።

አይቼ ነበር። ሁለቱም ጓንቶቹ ወደ ደረቱ ወርደው፣ ዓይኖቹ ከትከሻዬ በላይ ዳኛውን ሲፈልጉ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ መታሁት፤ ሦስተኛውን ስሰነዝር ነው የተያዝኩት። አባቴ ማየቴን እንዳወቁ የገባኝም እዚያው፣ ወገቤን ሲይዙኝ ነው። ያን ሁሉ ወር ያኮረፍኳቸው ስላሸነፉብኝ ሳይሆን ማየቴን ስላወቁብኝ ነበር።