ከስሟ በፊት «አቤት» የምትለው

ኢፍቱን የአቃቂ ልጆች «ችኩሏ» ይሏታል። ጠዋት መምህሩ ስም ሲጠሩ፣ ገና ተራዋ ሳይደርስ «አቤት!» ትላለች፤ ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያሉ ይተርቱባታል። ይተርቱ! ለምን እንደምትቸኩል ቢያውቁ አንዳቸውም አይስቁም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ሦስተኛ ክፍል ሳለች፣ ረያን ዑስማን ከታናሽ ወንድሟ ከኑሪ ጋር ከካርቱም ሸሽታ የመጣች ጊዜ ነው። የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ ከቤተሰቡ የስደተኛ ወረቀት ሲገለብጥ ፊቱ የቆሙትን ልጆች አልቆጠረም። የቆሙት ሁለት፣ የተጻፈው ሦስት ሆነ። ሦስተኛዋ የረያን መንትያ ኢብቲሳም ነበረች፤ መተማ ሳይደርሱ፣ መኪና ለመሳፈር በተደረገ ግፊያ ከእናቷ እጅ አምልጣ ቀርታለች። እናትየው የስደተኛው ወረቀት ሲጻፍም፣ ለመዝጋቢውም «አንዷ የለችም» ለማለት አንደበት አጣች።

ረያን ከአማርኛ መጀመሪያ የለመደችው «አቤት» ማለትን ነው። መምህር ገብረጻድቅ ስልሳ ሦስት ተማሪ ሲጠሩ ከመዝገቡ ቀና አይሉም፤ እሷም ለራሷ በወፍራም፣ ለኢብቲሳም በቀጭን ድምፅ ትመልሳለች። ዴስኩ ላይ በእሷና በኢፍቱ መካከል ለእህቷ ቦታ ትተዋለች። ኢፍቱ ግማሽ ጎኗ ከዴስኩ ውጭ እየዋለ ወራት አሳለፈች። እንዲያም ሆኖ ወደደቻት።

አንድ ቀን በአሮጌው የባቡር ሐዲድ በኩል ባለው አጥር ሥር ሳምቡሳ ተካፍለው ሲበሉ ረያን ምስጢሩን ነገረቻት።

«ሦስት ቀን የቀረ ይሰረዛል። ስሟ ከተሰረዘ እናቴ ትሞታለች። ደሞ ቶሎ ካልመለስኩላት ራሷ ልትመልስ ትችላለች።»

«ብትመልስስ?»

«በሕይወት ያለ ሰው ከዚያ ሁሉ ርቀት ስሙ ሲጠራ አይሰማም» አለች ረያን። «የሚሰማ የሞተ ነው።»

ኢፍቱ ሳምቡሳዋን አስቀመጠች። እናቷ ወይዘሮ አሰፋች «ጠሪሽን ሳታዪ አቤት አትበይ» እያለች ነው ያሳደገቻት። በሌላ ሰው ስም አቤት ማለትማ የማይታሰብ ነው።

ጥር ላይ ረያን ታይፎይድ ያዛት። ሁለት ቀን ኢብቲሳም ስትጠራ የመለሰ የለም፤ ኢፍቱም የእናቷን ቃል ፈርታ አልደፈረችም። በሦስተኛው ጠዋት ኑሪ በር ላይ ጠብቆ፣ «ረያን ‹ዛሬ አንቺ መልሺላት፣ በአላህ› ብላሻለች» አላት።

ስሙ ደረሰ። «ኢብቲሳም ዑስማን!»

ኢፍቱ አፏን ከፈተች፤ ምላሷ ግን ተሳሰረ። መምህሩ ደገሙ፦ «ኢብቲሳም!»

«አቤት።»

ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ልጅ የሚመስል ድምፅ ነበር፤ የመጣውም ከባዶው ቦታ ነው። መምህር ገብረጻድቅ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከመዝገቡ ቀና አሉ። ባዶውን ቦታ አዩት፣ ኢፍቱን አዩአት፤ ከዚያ በስሟ አንጻር የመገኘት ምልክቱን አደረጉ። ቀጣዩ ስም የኢፍቱ ነበር። ሲጠሯት ታለቅስ ነበር።

ረያን ከስታ፣ ጠቁራ ተመለሰች። በሩ ላይ የኢፍቱን እጅ ጨምድዳ ያዘች።

«ኢብቲሳም መልሳለች ይላሉ ልጆቹ። አንቺ ነሽ አይደል? ኢፍቱ፣ አንቺ ነሽ?»

ኢፍቱ ውሸት አታውቅም፤ እናቷ በዚህ በጎረቤቱ ሁሉ ፊት ትኮራባታለች። ያን ጠዋት ግን የረያንን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ «እኔ ነኛ! ሌላ ማን ይሆናል?» አለች። ረያን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ሳቀች፤ «በሕይወት አለች፣ አለች» እያለች ሳቀች።

ዛሬ አምስተኛ ክፍል ናቸው። መምህር ገብረጻድቅም ከክፍሉ ጋር አብረው አልፈዋል፤ በየዓመቱ የኢብቲሳምን ስም በገዛ እጃቸው ወደ አዲሱ መዝገብ ይገለብጣሉ። ሳትፈተን ክፍል የምታልፍ ተማሪ በአገሩ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ረያን አሁን ለመንትያዋ የመመለሱን ነገር ለጓደኛዋ ትታለች፤ ኢፍቱ ናት አጥብቃ የለመነቻት።

ስለዚህ በየጠዋቱ ኢፍቱ የመምህሩን ከንፈር ታያለች። «ኢብ...» ሲሉ «አቤት!» ትላለች፤ ክፍሉ ይስቃል፣ ረያንም አብራ ትስቃለች። ኢፍቱ ግን አትስቅም። ከጎኗ፣ ከባዶው ቦታ፣ ለመመለስ የሚሳብ ትንፋሽ ትሰማለች።